ጥርሱ የሞላ ላፕቶፕ

ኦቦ ገለታ በጌዶ ከተማ ገበያ ሃያ ስድስት ዓመት በሬ ያሻሻጠ ደላላ ነው። ገና ከሩቅ ሲመጣ ባየው በሬ፣ ዕድሜውን፣ ጠባዩንና የባለቤቱን የውሸት መጠን ይነግርሃል። የቀረውን ዓለምም የሚያየው በዚያው ዓይን ነው። አዲሱ የደብራችን አለቃ ከመኪና ሲወርዱ አይቷቸው፣ "ድምፃቸው ጥሩ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ይደክማሉ" ብሎኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ የፍልሰታ ቅዳሴ ሳይጋመስ ልክ ሆኖ ተገኘ።

የዚህ ሰው ልጅ ፌቨን አሥራ ሁለተኛን አልፋ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ከዘራቸው እዚያ በር የገባ ሰው አልነበረም። ገለታ ራሱ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣው፤ "አስተማሪውን ስላየሁት ነው፣ አይስብም ነበር" ይላል። ለልጁ ላፕቶፕ ለመግዛት ሁለት ዓመት አጠራቅሟል። የሚገዛው አንዴ ነው፤ ቢበላሽም ባይሆንም ሌላ የሚመጣበት መንገድ የለም።

ከፌቨን ጋር አምቦ ድረስ ይዞኝ የሄደው ማንበብ ስለማበዛ ነበር። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ኮምፒውተር ያውቃል ብሎ ያምናል። እኔ ከስምንተኛ አቋርጬ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ካገኘሁት ውስጥ ስለ ኮምፒውተር የሚያወራ አልነበረም። ግን አላውቅም ማለት ከበደኝ። ሚኒባሱ ጉደርን እስኪያልፍ ድረስ እናገራለሁ እናገራለሁ እያልኩ፣ አምቦ ደረስን።

ባለሱቁ ኤልያቄም የሚባል ጎረምሳ ነው። ፌቨን ገና እንደገባች አንዲት ቀጭን፣ አሥራ አራት ኢንች ላፕቶፕ አሳየችን።

"አባዬ፣ ይቺ ትበቃኛለች። ቦርሳዬ ውስጥ ትገባለች።"

ገለታ በአንድ እጁ አነሳትና ከፍ ዝቅ አደረጋት። "ይቺ? ይቺማ ገና ጥርሷን ያልጣለች ጊደር ናት።"

ኤልያቄም ሰው ማንበብ ያውቃል። ከላይኛው መደርደሪያ አንድ አሥራ ሰባት ኢንች የሚሆን ጥቁር ግዙፍ ነገር በሁለት እጁ አወረደ። ገለታ ክዳኑን ከፈተ፤ ጎንበስ ብሎ፣ የበሬ ከንፈር ገልጦ እንደሚያይ ሰው፣ የፊደሎቹን ቁልፎች አንድ በአንድ አየ። ትልቁ በስተቀኝ በኩል ትንሿ ላይ የሌሉ ተጨማሪ የቁጥር ቁልፎች አሉት።

"ብዙነህ፣ ና እይ! ይሄ ጥርሱን ጨርሷል። ደረቱን ደግሞ እየው!"

"አባባ ዕቃ ያውቃሉ" አለ ኤልያቄም።

"አባዬ፣ ግን ይከብዳል..."

"የማይከብድ በሬ ምን ያርሳል? ብዙነህ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ትላለህ?"

ፌቨን አየችኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ትልቁ... ለዓይን ይሻላል" አልኩ። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ነው ያየሁት።

ዋጋ ከተነጋገሩ በኋላ ገለታ፣ "በል ዋስህን ጥራ" አለ።

"ምን?"

"የተሰረቀ አለመሆኑን የሚመሰክር ዋስ። ደግሞ ልጄ ሳምንት ታርስበታለች። ካልጎተተ መልሰህ ትቀበለኛለህ።"

"አባባ፣ ይሄ'ኮ በሬ አይደለም።"

"በሬ እንኳ ዋስ አለው፣ ይሄ የፕላስቲክ ዕቃ እንዴት ያለ ዋስ ይወጣል?"

ኤልያቄም ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ አጠገቡ የትምህርት ቤት ቦርሳ የሚሸጡትን አከራዩን ወይዘሮ ጉዴን ጠራ። ወይዘሮ ጉዴ አልሳቁም። አባታቸው ባኮ ከተማ ውስጥ ከብት ነጋዴ ነበሩ። መዳፋቸውን ዘርግተው የገለታን መዳፍ ጧ አድርገው መቱና፣ "ሳምንት። ዋሱ እኔ ነኝ" ብለው ወደ ቦርሳዎቻቸው ተመለሱ።

ፌቨን በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ደወለች። "አሪፍ ነው አባዬ" አለች፤ ሁለቱንም ጊዜ። ገለታ ግን ከተሸጠ በኋላ ሄዶ ሳያየው የቀረ በሬ የለውም። ሳምንቱ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው እኔን ጎትቶ አምቦ ወረደ፤ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ቆመን ጠበቅናት።

ከሩቅ ብቅ ስትል ወሬውን አቋረጠ።

"ዘመም ብላለች።"

"ማን?"

"ልጄ። በግራ በኩል።"

"ድንጋይ መትቷት ይሆናል።"

"ያነከሰውንና የተጫነውን እለያለሁ፣ ብዙነህ። ይቺ ተጭናለች።"

ደረሰች። ላፕቶፑ ከቦርሳዋ አፍ እኩሌታው ወጥቷል፤ ዚፑ አይዘጋምና በሻርፕ ጠቅልላዋለች። ሰላም ልትለው ጎንበስ ስትል ገለታ የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቱ ገፋ አደረገው። ትከሻዋ ቀልቷል፤ ቆዳው ተልጧል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ምንም አይደለም አባዬ።"

"የቀንበር ቁስል ለእኔ ነው የምትደብቂው?"

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረችው። ቁምሳጥኗ ውስጥ አይገባም፤ አልጋ ላይ ትታው እንዳትሄድ ስርቆት ትፈራለች፤ ስለዚህ ካፌም፣ ክፍልም፣ ሽንት ቤትም ተሸክማው ትሄዳለች። ባትሪው አንድ ክፍለ ጊዜ አይጨርስም። እሱን እየጎተተች ላይብረሪ እስክትደርስ ሶኬት አጠገብ ያሉትን ወንበሮች ቀላል ላፕቶፕ የያዙት ይቀድሟታል። ሦስት ቀን ሆናት ከከፈተችው፤ የምታነበው በስልኳ ነው። ሰኞ ደግሞ ፈተና አለባት።

"ለምን አልነገርሽኝም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?"

"በጣም ደስ ብሎህ ነበር'ኮ።"

ገለታ ልጁን ማየት ስላልቻለ ወደኔ ዞረ። "ለዓይን ይሻላል አይደል ያልከኝ?"

"አላውቅም ነበር" አልኩት። "አላውቅም ማለት አፍሬ ነው።"

በእጁ የያዘውን ዱላ አሽከረከረ። "እኔም አላውቅም ነበር" አለ። ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ንስሐ አባቱም የሰሙት አይመስለኝም።

ላፕቶፑን ከፌቨን ትከሻ አውርዶ ራሱ ተሸከመውና ወደ ሱቁ ሄድን። ኤልያቄም ገና ሲያየን ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ጠቆመ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል። ገለታ አልተከራከረም። ወጣ፤ ወይዘሮ ጉዴን አስከትሎ ገባ።

"እማማ፣ ያኔ'ኮ ቀልድ ነበር" አለ ኤልያቄም።

"የኔ እጅ ቀልድ ነው? ይሄን ሱቅ ያከራየሁህ በየትኛው እጄ መሰለህ?"

ኤልያቄም ወረቀቱን አየ፤ ሴትየዋን አየ፤ ትንሿን ላፕቶፕ አወረደ።

ገለታ እጁን ሊዘረጋ ብሎ ወደ ኪሱ መለሰው። "አንቺ እያት" አላት ልጁን።

ፌቨን ባትሪዋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቀች። ወይዘሮ ጉዴ አጠገቡ ስለቆሙ ኤልያቄም እውነቱን ተናገረ። ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋች፤ አነገተችና እስከ ማዶው ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሳ ተመለሰች። ከዋጋው ልዩነት ከተመለሰው ላይ ማንገቻው ወፍራም የሆነ አዲስ ቦርሳ ተገዛ። ከማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ወይዘሮ ጉዴ ዋስነቱ እንዳልጎዳቸው ፊታቸው ይመሰክር ነበር።

ግቢው በር ላይ ተሰነባበትን። ፌቨን በሰው መሃል ስትገባ እኔ በልቤ እመቤቴን ማመስገን ጀምሬ ነበር፤ ውሸቴ ከሳምንት እንዳያልፍ ያደረገችልኝ እሷ ናትና። ምስጋናው ሳላውቀው በድምፅ ወጣ መሰለኝ፣ ገለታ በክርኑ ጎሸመኝ።

"ቆይ፣ አካሄዷን እያየሁ ነው።"

ቆየሁ። ከሕንፃው ጀርባ እስክትሰወር ዓይኑን ከትከሻዋ ላይ አላነሳም።

"ቀጥ ብላለች" አለ። "አሁን መጸለይ ትችላለህ።"