የሚካኤል ዕለት ቆራጭ

መዝገቡን የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ደግ ነበር» ይላል። እኔም እላለሁ። ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን ትንሽ ይጎረብጠኛል፤ ያ ደግነት በማን ትከሻ ላይ ተጭኖ እንደኖረ አይቻለሁና። ማሚቴ እባላለሁ። ከጳውሎስ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው ልብስ ስፌት ቤት በካውያ ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። በአብዮቱ ከተወረሰ በኋላ «ፋብሪካ» ተባለ እንጂ ያደገው ስሙ ብቻ ነው፤ ቤቱ ያው አንድ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። መዝገቡ የዚያ አዳራሽ የሥራ ኃላፊ ነበር።

ጠዋት ደወል ሲደወል ባዶ የክር ሣጥን ገልብጦ ይቆምበታል። አጭር ሰው ስለሆነ ነው። ከዚያ ሥራ ያድላል፦ አንቺ ኪስ፣ አንተ ኮሌታ፣ ብርቅነሽ ወገቧን ስላመማት ቁጭ ብላ ቁልፍ ትትከል። የማን ልጅ ኩፍኝ እንደያዘው፣ የማን ባል እንደዘመተ፣ ማን ከባሏ ተጣልታ ሳትተኛ እንዳደረች ሁሉ ያውቃል። ሰው ላይ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። እንደሱ ያለ አለቃ ማግኘት ዕድል ነው እንባባል ነበር።

ተወልዶ ያደገው ቁስቋም ነው፤ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። በዚያን ጊዜ በአዋጅ ከታወቁት በዓላት ውጪ ከሥራ መቅረት አይደለም፣ ማርፈድም ያስጠይቅ ነበር። ካድሬው በየውይይቱ ስለ ታቦትና ስለ ኋላቀርነት ምላሱ እስኪደርቅ ይናገራል። መዝገቡ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያጨበጭባል፣ በማግስቱ ማርያም ከሆነች ደግሞ በጎን በኩል ባለችው በር «ሂዱ ተሳለሙ፣ ረፋድ ላይ ተመለሱ» ብሎ ያስወጣናል። ቢታወቅበት ይታሰርም ነበር። ይህን አልክድበትም። እኛም ነጠላችንን አጣፍተን ደስ ብሎን እንሄዳለን።

ካኪው ግን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ኮታ አለ፣ የማስረከቢያ ቀን አለ። እኛ ስንሳለም ሥራውን የምትይዘው ረሂማ ነበረች።

ረሂማ የስልጤ ልጅ ናት። ወንድሟ ሸፊ ዊንጌት አጠገብ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። ስትቀጠር ቁልፍ ተካይ ነበረች። አነጋገሯ ቀስ ያለ፣ ሳቋ ፈጣን ነው፤ «እንቢ» የሚለው ቃል ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። መዝገቡ ሣጥኑ ላይ ሆኖ «ረሂማዬ፣ ለአንቺ እንኳ በዓል አይደለም፣ እስኪ የብርቅነሽንም ያዢላት» ይላታል። «እሺ ጋሼ» ትላለች። ለእሱ ይህ ፍትሕ ነበር። በዓል ያለው ይሄዳል፣ የሌለው ይሠራል፤ ማን ተጎዳ?

የጨርቁ ቆራጭ ወልዱ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት በሚካኤል ዕለት የመቁረጫው ስለት ጣቱን ስለወሰደበት፣ ከዚያ ወዲያ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ስለት አልነካም ብሎ ተሳለ። ቆራጭ ከሌለ ደግሞ ሰፊ የሚሰፋው የለም፤ አዳራሹ ሁሉ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ስለዚህ መዝገቡ ለሚካኤል ሰው ፈለገ፤ አሁንም ረሂማን። እሱ ራሱ ኃላፊ ከመሆኑ በፊት ቆራጭ ስለነበር አስተማራት። ጨርቁን እንዴት እንደምትደራርብ፣ በጠመኔ እንዴት እንደምትነድፍ፣ ስለቱን ስትገፋ ትንፋሿን እንዴት እንደምትይዝ አሳያት። ማስተማሩንስ ያውቅበታል። ልጅቷም ያዘችው። ጥቂት ቆይቶ የሚካኤል ዕለት ቁርጥ ከሌላው ቀን ቁርጥ ይሻላል እያሉ ሰፊዎቹ ወልዱን ያበሽቁት ጀመር።

ረሂማ ጠረጴዛውን ወደደችው። ካውያዬ አጠገብ ቆማ «እትዬ ማሚቴ፣ ቁልፍ ስተክል የሰው ሥራ ነው የምጨርሰው፤ ስቆርጥ ግን የምጀምረው እኔ ነኝ» ያለችኝን አልረሳውም። መዝገቡም ቃል ገባላት። «ወልዱ ጡረታ ሲወጣ ጠረጴዛው ያንቺ ነው» አላት፣ እኔ እየሰማሁ። እሷም ያንን ቃል ይዛ ኖረች። በየበዓሉ ስትቆርጥ፣ በማግስቱ ወደ ቁልፏ ስትመለስ፣ ማዕረጉም ደሞዙም የቁልፍ ተካይ ሆኖ ሲቀር ከንፈሯን አላጣመመችም።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችው። አርብ አርብ እናቷ ቤት ዱዓ ይደረጋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። «ጋሼ፣ አርብ ከቀትር በኋላ አንዳንዴ ቢለቁኝ» አለችው። «አርብማ ሥራው ይበዛል፣ ልጄ» አላት። እውነቱን ነው፤ አርብ ሥራ ይበዛ ነበር። ማርያም ዕለት ግን አይበዛም ነበር እንዴ? ይህ ጥያቄ በሐሳቡ ውል አላለም።

በሰባ ስድስት ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ትልቁ ትእዛዝ መጣ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሰልፍ የሚለበስ ካኪ ነው። ወልዱ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ጠርቶ «ለቆራጭነት አንድ ሰው ስጠኝ፣ የሰጠኸኝን አጸድቃለሁ» አለው። ሥራ አስኪያጁ የፈለገው ስም ብቻ ነበር።

መዝገቡ ከቢሮው ሲመለስ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

«አድነውን ሰጠሁ» አለኝ።

አድነው ከሰፊዎቹ አንዱ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ሥራ ላይ ግን ቢኖርም ባይኖርም ልዩነት የለውም። ካውያውን አስቀመጥኩት።

«ረሂማስ?»

«ረሂማ እኮ ለሁሉም ታስፈልገኛለች። ጠረጴዛው ላይ ከተተከለች የእናንተን በዓል ማን ይሸፍናል? ኮሌታውን፣ ኪሱን፣ ቁልፉን ማን ይይዛል? አድነው ከቦታው ቢነሣ የሚጎድል ነገር የለም።»

«ስለዚህ የማይጠቅመው ተሾመ፣ የምትጠቅመው ቀረች በለኛ።»

«ማሚቴ፣ አትፍረጂብኝ። እኔ ለሁላችሁም ብዬ ነው።»

«ለሁላችሁም» ሲል ረሂማ የለችበትም። ይኸው ነው የሚያናድደኝ። የኔ ቁጣ ግን እሱ ጋ ደርሶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ በደግ ፊቱ ያበርደኛል። ተናድጄ ወደ ካውያዬ ተመለስኩ።

የሰኔ ሚካኤል ያን ዓመት ሮመዳን ውስጥ ገባ። ረሂማ ጾመኛ ነበረች። ጠዋት መዝገቡ ሣጥኑ ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ወልዱን ማን እንደሚተካ ሊሰማ ይጠብቃል፤ እሷም ክሯን አስቀምጣ ቀና ብላለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ቆራጫችን አድነው ነው» አለ። ትንሽ ተጨበጨበ። ከዚያ እንደ ልማዱ ቀጠለ፤ «ዛሬ ሚካኤል ስለሆነ አድነው ተሳልሞ ረፋድ ላይ ይገባል። ረሂማዬ፣ እስኪመጣ ጠረጴዛውን ያዢ።»

ሹመቱን ለሌላው፣ ሥራውን ለእሷ፣ በአንድ ትንፋሽ ሰጠ። ምን እንዳለ ራሱም አልሰማውም። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ከንፈሯ ቀድሞውኑ በጾም ደርቆ ነበር፣ ያን ጊዜ ደግሞ ነጣ።

«እሺ ጋሼ» አለች።

ተነሥታ ቆረጠች። ምንም አላበላሸችም፣ ምንም አላጓደለችም። ካኪውን እጥፍ እጥፍ አድርጋ ደረደረች፣ ብጥስጣሹን ጠረገች፣ ስለቱን በዘይት ወለወለች። አድነው በጠበል የራሰ ፀጉሩን እያበሰ ሲገባ፣ ረሂማ ወደ መዝገቡ ሄዳ ጠመኔውን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ባለቤቱ መጥቷል፣ ይስጡት» አለችው። ሻሿን አስተካክላ በትልቁ በር ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም። በዒዱ ማግሥትም አልመጣችም።

ያጣነውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብንም። አድነው የእጅጌውን ንድፍ ሳይገለብጥ ቆርጦ ያን ሁሉ ካኪ ባለ ሁለት ቀኝ እጅጌ አደረገው። ልፍረድበት? «ቁረጥ» አሉት እንጂ ማንም አላሳየውም። መዝገቡ ኮቱን አውልቆ ራሱ ይቆርጥ ጀመርና ለሰልፉ እንደምንም አደረሰው። በዚህ መሀል ሐምሌ ማርያም መጣች። ሣጥኑ ላይ ወጥቶ ዓይኑን በልማድ ወደ ቁልፍ ተካዮቹ ጥግ ላከ፤ እዚያ ሰው የለም። «ማን ይያዝልን?» አለ። ብርቅነሽ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ኪስ ሰፊዎቹ አየሁ። ያን ያህል ዓመት እኅት ወንድም ስንባባል የኖርን ሰዎች በአንድ ጠዋት ተናከስን። ፍቅራችን በአንዲት ልጅ ወገብ ላይ የቆመ ነበር።

መዝገቡ ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አስተካከለ፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። በዓሉን በተራ አደረገው፣ ከዚያ ወዲህ የተቀጠሩት ሙስሊሞችም በዓል ሲመጣ የእኛ ሰው እንዲሸፍን ሆነ። ሥራ ሲሰጥ ያሳያል፣ ሥራው የማን እንደሆነም ለሁሉም ይናገራል። አድነው ራሱ ለምኖ ከቆራጭነቱ ወረደ። ቦታው ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ መዝገቡ «ረሂማን ልመልሳት፣ አብረሽኝ ሂጂ» አለኝ።

የሄድነው በኅዳር ሚካኤል ነው። ከተማው በየደጁ ቆሻሻ እያቃጠለ ሰማዩ በጭስ ታፍኗል፤ ዊንጌት ስንደርስ ሁለታችንም እናነባ ነበር። ሸፊ ከሱቁ ጎን አንዲት ክፍል ለቆላታል። ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ ረሂማ ከአንደኛው ላይ ተነሥታ ለመዝገቡ በርጩማ አቀረበች፣ እኔን ሳመችኝ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም።

«ልጄ፣ ልመልስሽ ነው የመጣሁት» አለ። «የቆራጭነቱን ቦታ ይዤልሽ ነው። ከነማዕረጉ።»

«አድነውስ?»

«ወረደ።»

«ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ማን አለ፣ ጋሼ?»

መዝገቡ ዋሽቶ አያውቅም። «ማንም የለም» አለ።

«እንግዲያው ዛሬም ሚካኤል ስለሆነ ነው የፈለጉኝ» አለችው፣ በቀስታ፣ እንደ ቀልድ።

መዝገቡ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሲፈልግ ቅድም የተነሣችበትን መኪና አየ። እግሩ ሥር የሴት ሸበጥ አለ፤ የእሷ አይደለም።

«ይሄ የማን ነው?»

«የታየች ነው፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ። ቁልፍም ኮሌታም ትሠራልኛለች። ዛሬ ልትሳለም ሄዳለች።»

«ሥራዋን ማን ይዞላት?»

«እኔ ነኛ» አለች፤ መጠየቁ ራሱ ገርሟት። «አርብ ደግሞ እሷ ትይዝልኛለች፣ እኔ እናቴ ጋ እሄዳለሁ።»

ሻይ አመጣችልን። ጠጣንና ወጣን። በጭሱ ውስጥ ቁልቁል ተመለስን። ጳውሎስ ስንደርስ መዝገቡ ቆመ።

«ማሚቴ፣ እኔ እኮ ቆራጭ ነበርኩ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ጨርቅ መቁረጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሣጥኑ ላይ ቆሜ ስሟን ከምጠራ አንድ ሚካኤል ወርጄ ብቆርጥላት ምን ነበረበት? አንድ አርብ እንኳ።» አልቅሷል። በጭሱ ላሳብብለት እችል ነበር፤ አላሳበብኩለትም።

እስከ ጡረታው ድረስ በየወሩ ሚካኤል ሲመጣ ሁሉንም እንዲሳለሙ ያሰናብትና ጠረጴዛው ጋ ብቻውን ቆሞ ይቆርጥ ነበር። እንዲህ ያለ ደግ አለቃ የት ይገኛል እያለ ሰው ሁሉ ያወራለታል። ቁርጡም ያምር ነበር። ማየት የነበረባት ሰው ግን በዚያው ሰዓት ዊንጌት፣ የታየች የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ትሰፋ ነበር።