ከቢላ ያልመጣው ቃል

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ይታያል እንጂ ልብሽ አይታይም» አለኝ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ፊት ለፊቴ ቆሞ።

«ልብ የሚታየው ሲታረዱ ነው፣ ጓድ» አልኩት።

ሥራ አስኪያጃችንን ሳል ያዘው። እሱ የሸዋ ሰው ነው፤ ነገር ሊከር ሲል ሁልጊዜ ሳል ይይዘዋል።

ማትሪክ ወስጄ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው እዚህ የተቀጠርኩት፤ ነቀምቴ፣ ጨውና ስኳር፣ ማዳበሪያና ጨርቅ ለየወረዳው የሚያከፋፍል የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ሥራዬ ራዲዮ መገናኛው ላይ መቀመጥ ነው። ቢላ ከተማም ሆነ ኑኑ ቁምባ ያሉት መጋዘኖቻችን በራሳቸው ፈቃድ አንድ ኩንታል ማውጣት አይችሉም። የዕቃው ካርድ ሁሉ እኔ ክፍል፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ነው። የቢላ መጋዘን ሠራተኛ በራዲዮ ትጠራኛለች፤ ካርዷን አውጥቼ ያላትን አነብላታለሁ፣ የማውጫ ቁጥር እሰጣታለሁ፣ እሷም በዚያ ቁጥር ዕቃውን ትለቃለች። ቢላ ተቀምጣ የነቀምቴን ሳጥን ትከፍታለች ማለት ነው። ቁልፉ እኔ ነኝ።

ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ነበር። የኑኑ ቁምባው ሠራተኛ ነኝ ያለ ድምፅ ጠርቶት ቁጥር ሰጠ፤ ስኳሩ ከመጋዘን ወጣ። የኑኑ ቁምባው ሠራተኛ ግን ያን ቀን ለቅሶ ላይ ነበር። ስኳሩን ማን እንደበላው አልታወቀም። ልጁን ወዴት እንደወሰዱትም ማንም አልጠየቀም። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ኮቱ ገና በሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኔም አላነሳሁት፣ ሌላም ሰው አላነሳው።

ከዚያ ወዲህ ነው ካድሬው የሳምንት ቃል ያመጣው። ቃሉን ራሱ ይመርጣል፣ በፖስታ ያሽገዋል፣ ሾፌሩ ለየመጋዘኑ ያደርሰዋል። የሚጠራኝ ሰው አስቀድሞ ቃሉን መናገር አለበት። ካልተናገረ ካርድ አላወጣም። ሁለተኛ ሕግም ነበረው፤ በራዲዮ ከአማርኛ በቀር አይነገርም። ካድሬው ኦሮምኛ አይሰማም፣ የማይሰማውን ደግሞ አያምንም። እኔስ ማንን አምን ነበር? ፖስታውን የሚይዘውን ሾፌር አላምነውም። ሥራ አስኪያጁን አላምነውም። ምሳ ሰዓት ላይ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ቆልፌ፣ ተመልሼ ደግሞ እስበው ነበር።

የቢላ መጋዘን ሠራተኛ ድምፅዋ ደረቅ ያለ፣ ፈጣን ሴት ነበረች። «መዶሻ!» ትላለች፣ ወይም «ክንድ!» ትላለች፣ እናልፋለን። ያን ሰሞን አግብታ ፈቃድ ወጥታ ነበር፤ ተመለሰችና ጠራችኝ። የዘር ጊዜ ነው፣ ማዳበሪያ የሚጠብቀው ገበሬ መጋዘኑን ከቦታል። ጫጫታው ከድምፅዋ ጋር ይመጣል።

«ቃል» አልኳት።

ከራዲዮው የገበሬው ጫጫታ ብቻ ይመጣል።

«ቢላ፣ ትሰሚያለሽ? ቃል።»

«እሰማለሁ። ቃሉ ደርሶኛል።»

«ስለዚህ በያ!»

«ያ... ሙሽራ ጆሮዋ ላይ የምትሰቅለው። ቢጫው።»

ቃሉ «ወርቅ» ነበር።

«ቢላ፣ እንቆቅልሽ አይደለም የምንጫወተው። ቃሉን ስጪኝ።»

«በአፌ አይወጣም፣ እህቴ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ካድሬው ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ ነው ያወቅኩት። «አጠገቧ ሰው አለ» አለ። «መሣሪያ ደግነውባታል። ወይም እሷ ራሷ ከጠላት ወገን ናት። ጴንጤ ናት እንዴ? እነሱም መፈክር በሉ ሲባሉ እምቢ ይላሉ።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ጠረጠርኳት። ድምፁ የእሷ ነው፤ ግን ድምፅን ማስገደድ ይቻላል። የራዲዮውን መናገሪያ ቁልፍ እንደያዝኩ አሰብኩ። ቃሉን ታውቀዋለች፣ ለምን አትለውም? በአፍ የማይወጣ ምን ቃል አለ?

እናቴ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። አባቴ ከጎጃም የመጣ ነው፣ እናቴ ግን የዚሁ አገር ልጅ ናት። የባሏን አባት ስም አንድም ቀን ጠርታ አታውቅም። ስሙን ብቻ መሰላችሁ? ስሙን የሚመስለውን ሁሉ ትሸሻለች። የአያቴ ስም በጨው ይጀምር ስለነበር እናቴ ጨውን «የወጥ ጌታ» ትለዋለች፤ ገበያ ወጥታ «የወጥ ጌታ ስጠኝ» ስትል የጉራጌው ባለሱቅ ሳይስቅ ይሰፍርላታል፣ ስንቷን ምራት ለምዷል። ይህን ልማድ በኦሮምኛ ላጉ ይሉታል። ምራት የአማቷን ስም ጠራች ከተባለ በዚያ ቤት ቀና ብላ አትሄድም።

«ጓድ፣ አግብታለች እኮ!» አልኩት።

«ብታገባስ?»

«የአማቷ ስም ይሆናል። በወርቅ የሚጀምር ስም። ምራት የአማት ስም አትጠራም።»

«የአማቷን ስም ከየት አወቅሽው?» አለ።

«አላወቅኩትም፣ ገመትኩት።»

«ገመትሽው። ሳትጠየቂ ለምን ገመትሽላት?»

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? «ቃሉን ለውጡና በሌላ ቃል ትግባ» አልኩ።

«ለአንዲት ሴት ተብሎ አብዮቱ ቃሉን ይለውጣል?»

«አብዮቱ ምራት አይደለም፤ እሷ ግን ናት።»

ሥራ አስኪያጁን እንደገና ሳል ያዘው።

ካድሬው ወረቀት አስወጣ፤ ሥራ አስኪያጁ በራሱ እጅ ጻፈው። የቢላ መጋዘን ሠራተኛ ቃሉን እንድትናገር ተጠይቃ እምቢ ማለቷን፣ መገናኛውም በጠላት እጅ መውደቁን የሚያስረዳ ነው። ድምፅዋን የሰማሁት እኔ ስለሆንኩ መፈረም ያለብኝ እኔ ነኝ። ከተፈረመ ታጣቂዎቹ ዛሬውኑ ቢላ ይወርዳሉ።

«ምን ያደርጓታል?» አልኩ።

«ይጠይቋታል።»

«ከእኔ በፊት የነበረውን ልጅም ሊጠይቁት ነበር የወሰዱት።»

«ልጄ፣ ፈርሚና ተገላገዪ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ በልመና። «አንቺም ወጣት ነሽ። ካልፈረምሽ እኮ እሱ ይፈርማል፤ የዚያን ጊዜ ያንቺም ስም እላዩ ላይ ይሆናል።»

ራዲዮው ተንቀጫቀጨ። እሷ ናት። «ነቀምቴ፣ ነቀምቴ፣ ሕዝቡ እየተቆጣ ነው፣ ቁጥር ስጪኝ።»

ቁልፉን ተጭኜ በኦሮምኛ ጠየቅኳት፤ የባልሽ አባት ስም ነው ወይ?

«ኤዬ» አለች። ከዚያ ፈጥና በኦሮምኛ ተናገረች፤ የባሏ ወንድም የመጋዘኑ ጠባቂ ሆኖ አጠገቧ መቆሙን፣ እሱ ባይኖር ኖሮ ዓይኗን ጨፍና ትለው እንደነበር። እየሳቀች ነበር የምትናገረው። አልገባትም።

ካድሬው ክንዴን ያዘ። «ምን አለችሽ?»

«አዎ አለች።»

«ይህን ሁሉ ተናግራ አዎ?»

«ሰላምታም አለበት።»

«የግቢውን ዘበኛ ጥሩት!» አለ። «እሱ ኦሮምኛ ይሰማል። ይምጣና ያስረዳኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ ሄደ። ዘበኛው ከግቢው በር እስኪደርስ ያለኝ ጊዜ ያ ብቻ ነበር። ካድሬው ክንዴን እየጎተተኝ ቁልፉን ተጭኜ በኦሮምኛ ነገርኳት፤ መጋዘኑን ቆልፊ፣ ቁልፉን ለባልሽ ወንድም ስጪ፣ ማዳበሪያውን ተዪው፣ ሰዎች እየመጡብሽ ነው፣ ሳይመሽ ከቢላ ውጪ፣ እናትሽ ቤት እንዳትሄጂ። ሳቋ ተቋረጠ።

«ሰማሽኝ?» አልኳት።

«ሰማሁ» አለች በአማርኛ፤ መስመሩ ጸጥ አለ።

ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደደረሰ አላየሁም። ሽማግሌ ነው፣ ጠዋት ጠዋት «ኢንተለ ኮ፣ ነጋዳ?»፣ ልጄ ደህና ነሽ ወይ፣ ሳይለኝ አያሳልፈኝም። እሱንም አላምነውም ነበር።

«ሰምተሃል አይደል?» አለው ካድሬው። «ምን አለቻት?»

ዘበኛው ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «ሰላምታ ነው፣ ጓድ።»

«ሰላምታ ብቻ?»

«የእኛ ሰላምታ ይረዝማል፣ ጓድ። የሰው አለ፣ የከብት አለ፣ የአዝመራ አለ። አሁን ገና ከብቱ ላይ ደርሰው ነበር።»

ካድሬው አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። «ሁለታችሁም አንድ ናችሁ» አለ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው፣ እስክሪብቶውንም እላዩ ላይ አኖረ። «ሳትፈርሚ ከዚህ ክፍል አትወጪም። ለጸጥታ ቢሮ ስልክ ደውዬ እመለሳለሁ።»

ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ተከተለው፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝና ሄደ። በሩን ግን አልቆለፈውም።

የሳጥኑን ቁልፍ ያልተፈረመው ወረቀት ላይ አስቀመጥኩ። ነጠላዬን ከወንበሩ አነሳሁ። ኮሪደሩ መጨረሻ ካለው ቢሮ ካድሬው ስልኩን «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ይሰማል። በጓሮ በኩል ዞሬ ግቢውን አቋረጥኩ። ዘበኛው የብረቱን በር ሰው የሚያሾልክ ያህል ከፍቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። በጎኑ አለፍኩና ወደ አውቶቡስ ተራው ቁልቁል ወረድኩ።