ለዳቦ ተጠርቶ ለደቦ

የትነበርሽ ከተማውን ትታ ላሞች መሃል ልትኖር ነው የተባለ ዕለት፣ የሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሳምንት የሚያስከርም ወሬ አገኙ። አንዷ «ጡረታ ስትወጣ ናላዋ ዞረ» አለች። አበባይሽ ግን የሚጣፍጠውን መረጠች፤ «የለም፣ ባል አግኝታ ነው።»

እውነቱ ጎመን ነበር። የትነበርሽ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ የሰው እናት ስታጥብ ኖራ፣ ቀሪ ዕድሜዋን እጇን አፈር ውስጥ ከትታ ልትኖረው ፈለገች። ከሄግ ወጣ ብላ ባለችው ኔደርስሎት በምትባል መንደር፣ ሜኔር (በእኛ አቶ) ያፕ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ትንሽ ቤትና አንድ መደብ መሬት አከራያት፤ ለሙከራ፣ ለአንድ ዓመት።

መንደሯ ድሮ ረግረግ ነበረች። ገበሬዎቹ ቦይ ቆፍረው፣ ውሃውን በንፋስ ወፍጮ እየቀዱ ወደ ወንዝ ደፍተው፣ ከባሕር ጠለል በታች መስክ አወጡ። አሁን ወፍጮው ለፎቶ ቆሟል፤ ሥራውን ፓምፕ ወርሶታል። አማርኛን ደብረ ዘይት ጋራዥ ውስጥ የለመዱት፣ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭኑ ጡረታ የወጡት ኤርትራዊው አቶ ገብረሚካኤል ሊጠይቋት የመጡ ጊዜ፣ ግድቡ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩና «አገር ሁሉ ወረዳ አለው፤ የወረደ ወረዳ ግን ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

እዚያ ጉርብትና ማለት ቦይ መጥረግ ነው። የአንዱ ቦይ በአረም ከተደፈነ የሌላው ሳሎን ይዋኛል። ስለዚህ ሁሉም በየደጁ ያለውን ይጠርጋል፤ ቅጠል ሲረግፍ ተቆጣጣሪ እየዞረ ያያል። ይህን ፍተሻ «ስኻው» ይሉታል። የከተማ ሰው ቃሉን ሰምቶት አያውቅም።

ሜኔር ያፕ በአጥር በኩል «ቅዳሜ ስኻው ነው። ቦይሽ ካላማረ መሬቱን ለሌላ እሰጣለሁ» አላት። ደች ጉሮሮውን ሳይጠርግ ቃል አያወጣም፤ እሷም እንደ ልማዷ ጉሮሮውን ቀንሳ የቀረውን ወሰደች፤ ሾው። የመንደር በዓል መሰላት። ቦዩን ከሾው በኋላ እደርስበታለሁ ብላ ድፎ ዳቦ ደፋች፣ ወዳጅ ዘመድ ጠራች።

ቅዳሜ እንግዶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከአውቶቡስ ወረዱ። ከአምስተርዳም ኒው ዌስት የመጣችው ልጇ ሳያት ግን ገና ከበሩ ሳቋን ለቀቀችው።

«ማማ፣ ስኻው እኮ ኮንትሮለ ነው። ሾው አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ሾው አለኝ?»

«አላለሽም። ጉሮሮውን ዘለልሽው።»

የትነበርሽ ዞር ብላ ቦዩን አየችው። አረሙ ሰው የሚያስተኛ ምንጣፍ ሆኗል። አገሩ ሜዳ ነውና ተቆጣጣሪው ረጅም ዱላውን ይዞ ከሩቅ ይታያል፤ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እያለ እየቀረበ ነው። ጎመኗን አየችው። ሰው ጠርታ አገር ልትለቅ ነው።

አቶ ገብረሚካኤል ኮታቸውን ለሳያት አቀበሉ። «ዳቦው ይቆይ። ደቦ ነው።»

ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው መንሽ ያገኘው በመንሽ፣ ያጣው በእጁ አረሙን ይስብ ጀመር። አበባይሽ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ደርሶ ስታማርር፣ የትነበርሽ ከወዲያ ማዶ «ባል አግኝታ ነው ስትዪ አልነበር? ይኸው። በደንብ ጥረጊልኝ» አለቻት።

«ባልሽ ይሸታል።»

«የማን አይሸትም?»

ተቆጣጣሪው ሲደርስ አንድ ጥግ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አቶ ገብረሚካኤል የቆሙበት። ንቅንቅ አላሉም።

«አባባ፣ አንተ ለምን አትወጣም?» አለች ሳያት።

«ለቁርጥማት ጥሩ ነው በይልኝ።»

ተረጎመችለት። ሰውየው በዱላው ከእግራቸው ሥር ያለውን አረም ነካ ነካ አደረገና «ይህንንስ ሐኪም ነው ያዘዘላቸው?» አለ። አቶ ገብረሚካኤል ሳይተረጎምላቸው ገባቸው፤ ጎንበስ ብለው አረሙን አቅፈው ወጡ። ተቆጣጣሪው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ስለሆነው ነጭ ነጠላ ምንም ሳይጠይቅ፣ ቦዩ አልፏል አለ።

ሜኔር ያፕ ይህን ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ያይ ነበር። ወገቡን ይዞ ቀረብ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መሬቱ ለሌላ ዓመት ያንቺ ነው። ብቻ... ወገቤ አስቸግሮኝ፣ ልጆቼም ከሮተርዳም አልመጡልኝም። ቀጥሎ የሚያየው የኔን ነው።»

የትነበርሽ አንገቷን አስግጋ ቦዩን አየችው። ከእሷው የባሰ ነው።

«ለሌላ ዓመት?» አለች።

«ለአምስት።»

«እስክሞት።»

ሜኔር ያፕ ተቆጣጣሪውን አየ፣ አረሙን አየ፣ እጁን ዘረጋ።

የትነበርሽ ጨብጣው ወደ ልጇ ዞረች። «ሳያት፣ ተቆጣጣሪውን ወደ ቤት አስገቢውና ዳቦ ቁረሺለት። ወፍራሙን። ቀስ ብሎ ይብላ።» እንግዶቹ መንሻቸውን አንስተው አጥሩን ተሻገሩ።