ጋሽ ላምቦሬ የጸለዩበት ላፕቶፕ

ሆሳዕና ከተማ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ባለፈው እሁድ ጠዋት ሞርሲቶ ካለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ተጠርቼ ሄድኩ። የመዝሙሩን ግጥም ግድግዳው ላይ የሚያሳየው ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ አዲስ ከተጫነለት ወዲህ ፊደሉን አለቅጥ አግዝፎ ግማሹን ስንኝ ይቆርጣል። የግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም ምስሉን የሚያስተካክለው ፕሮግራም፣ ስለሌለው ነው፤ ለእኔ ቀላል ሥራ ነበር።

ድራይቨሩን ጫንኩና የስክሪኑን መጠን ስቀይር፣ ላፕቶፑም ግድግዳውም ጨለሙ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ኳየሩ መድረክ ላይ ቆሞ ያየኛል። የማይሆን መጠን መምረጤ ገባኝ። ግን ዝም ካልኩት ዊንዶውስ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ ወደ ቀድሞው መጠን እንደሚመልሰው ስለማውቅ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ።

ለሰው ግን ተስፋ የቆረጥኩ መሰለ። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሽ ላምቦሬ ቀስ ብለው መጡና፣ "አይዞህ ወንድሜ፣ እንጸልይበት" ብለው ላፕቶፑ ላይ እጃቸውን ጫኑ።

"ኪቦርዱን ብቻ እንዳይነኩብኝ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"በኢየሱስ ስም" ከማለታቸው ስክሪኑ ቦግ አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ትክክለኛውን መጠን መርጬ ግጥሙን ሙሉ አወጣሁት፤ ስለ ሰከንዶቹ ላስረዳ ብሞክርም የሰማኝ የለም።

ማክሰኞ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። "እሁድ ሞርሲቶ ነበርኩ። የእኔም ላፕቶፕ ድምፅ አላወጣም አለ።"

"የድምፅ ድራይቨሩ ይሆናል። ሱቅ ይዘሽው ነይ፣ አየዋለሁ።"

"አይ፣ አንተን እንኳ አላስቸግርም" አለችኝ። "የጋሽ ላምቦሬ ስልክ ካለህ ብዬ ነው።"