የሐምራዊው ደጋፊዎች

ባሌ በሕይወቱ አንድ ሽንኩርት ልጦ አያውቅም። በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ወንድ ዘሎ ሲያርፍ የትኛውን ጉልበቱን ማጠፍ እንዳለበት ግን ጠይቁት፣ ቁጭ አድርጎ ያስረዳችኋል። ይህን ሁሉ እውቀት የገበየው በአራት ቀን ነው፤ በዓለም ገናና በፉሪ መካከል በተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ መንገዱ በድንጋይ በተዘጋበት በዚያ የማስተር ፕላን ዓመት። እስቃለሁ እንጂ እኔም ከእሱ አልሻልም። ብሻል ኖሮ ይህን ነገር ባልጻፍኩት ነበር።

ከአዲስ አበባ የወጣነው ኪራይ ሸሽተን ነው። ጠዋት ተጋፍተን እስከ አየር ጤና፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ተጋፍተን ወደ ሥራ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ግፊያ ወደ ኋላ። ያን ሰሞን ግን ከሰበታ አንድም ሚኒባስ አልንቀሳቀስ አለ። ማስተር ፕላኑ የገበሬውን መሬት ለአዲስ አበባ ይወስዳል ያሉ ወጣቶች መንገዱን ይዘጋሉ፣ ወታደሮቹ ይከፍታሉ፣ ወጣቶቹ መልሰው ይዘጋሉ። ኢንተርኔቱም ጠፋ፤ ለምን እንደጠፋ የምንሰማው በኢንተርኔት ስለነበር ሳንሰማ ቀረን። ሰፈራችን የፕላኑ ካርታ ላይ አረንጓዴ ተቀብቷል የሚል ነበር፣ የለም ቢጫ ነው ብሎ የሚሟገትም ነበር። ካርታውን በዓይኑ ያየ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከቡራዩና ከሱሉልታ በኩል የሚመጣው ወሬ ደግሞ የሚያስቅ አልነበረም። የሰው ልጅ ይሞት ነበር፤ እኛም በዚያ ሳምንት የሳቅነውን ሁሉ የሳቅነው እያፈርን ነው።

አከራያችንን ሰው ሁሉ ኦቦ ነው የሚላቸው፤ እኔም ከዚያ ያለፈ ስም አልጠራም። ገበሬ ናቸው። ልጆቻቸው አግብተው ወደ ተጂ ሄደዋል፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ግቢውን ለእኛና ለአንድ ባጃጅ ነጂ አከራይተው ይኖራሉ። ከግቢው ጀርባ ከአያታቸው የወረሱት የጤፍ ማሳ ነበራቸው። በዚያ ማሳ ላይ አንድ ቀን ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተተክሎ ተገኘ፣ ከችካሉ በኋላ ደግሞ ደብዳቤ መጣ።

ደብዳቤው የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እኔ ፊደሉን እያነበብኩ ትርጉሙን አላውቅም፤ እሳቸው ትርጉሙን እያወቁ ፊደሉን አያነቡም። ሁለታችን ተደምረን አንድ የተማረ ሰው ወጣን። ነገሩ ባጭሩ፣ ማሳው ለፕላኑ ስለተፈለገ ሰኞ ጠዋት የመሬት ጽሕፈት ቤት ቀርበው፣ ገማች ኮሚቴው ያወጣላቸውን የካሳ ግምት ሰምተው እንዲፈርሙ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ወፍጮ ቤት ተዘግቷል፣ ያ ጽሕፈት ቤት ብቻ ክፍት ነበር። ታታሪዎች ናቸው፣ ምን ይደረግ። ማሳቸው ከኦቦ ማሳ ጋር የሚዋሰን ጎረቤቶች ተጠርተው «እናስብበት» እያሉ ተመልሰዋል። ኦቦ ግን ምን ሊሉ እንዳሰቡ ለማንም አልተነፈሱም። ደብዳቤውን በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው በየሰዓቱ መኖሩን በእጃቸው ይዳብሱታል። ከዚያ ንባብ ወዲህ ደግሞ እኔ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስላቸውም ነበር። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል።

በዚህ መሀል ባሌ ኳስ የሚያይበት የዲሽ ካርድ ጊዜው አለቀ። ማሳደሻው አየር ጤና ነው፣ አየር ጤና ደግሞ ያን ሳምንት ባሕር ማዶ ነበር። የአገሩን ነገር ተረጋግቶ የያዘው ሰውዬ ቡድኑን ሳያይ ሊቀር መሆኑን ሲያውቅ እህል በቅጡ አልበላ አለ። ሪሞቱን ሲጎረጉር ሲጎረጉር በነጻው ዲሽ ላይ አንድ የውጭ ስፖርት ጣቢያ አገኘ። ቋንቋው ጀርመንኛ ነው አለ። ባጃጅ ነጂው የለም ፖላንድ ናቸው አለ፤ እሱ ባጃጁን በሸራ ሸፍኖ እኛ ሶፋ ላይ ከሰፈረ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ጣቢያው ከጠዋት እስከ ማታ የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የወንዶች የበረዶ ላይ ውድድር። ቴሌቪዥናችን ያኔ ጀርባው ሻንጣ የሚያክለው ነበርና በላዩ ላይ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ ደግሞ የላስቲክ ጽጌረዳዬ ነበረች። ባሌ «ትከልለናለች» ብሎ አበባዬን ወለል ላይ አወረዳት።

መጀመሪያ የወጣው ልጅ ሸሚዙ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ያብለጨልጫል።

«ይሄ ወንድ ነው?» አለ ባሌ።

«ሚዜ ነው» አለ ባጃጅ ነጂው፣ ሁለቱም ተንከተከቱ።

ልጁ በአንድ እግሩ ተነሣ፣ አየር ላይ ሦስት ጊዜ ተሽከረከረና ቢላዋ በሚመስል ጫማው ላይ ቀጥ ብሎ አረፈ። ሳቁ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ባጃጅ ነጂው «እስቲ ድምፁን ጨምረው» አለ፣ ቋንቋውን የሚሰማ ይመስል። እኔ ምስር ለቅሜ ሳልጨርስ ሁለቱ ሊቃውንት ሆነው አገኘኋቸው። ይሄኛው ትከሻው ጠንክሯል፣ ያኛው ዙሩን አልሞላውም ይባባላሉ። በማግስቱም ልብሱ የሚወራው ለቁም ነገር ነበር፤ ነጭ የለበሰው ለሙዚቃው አይሄድም ተባለ። እኔ አዲስ ቀሚስ ለብሼ በፊቱ ባልፍ የማያይ ሰው ነው እንዲህ የሚለው፣ ልብ አድርጉልኝ።

ኦቦ የመጡት የመንገዱን ወሬ ሊጠይቁ ነው። «አካም ኦልታን» ብለው፣ እንዴት ዋላችሁ ማለታቸው ነው፣ በሩ ላይ ቆሙ። ተነሥተን ወንበር ሰጠናቸው፣ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ቀረ። በዚያች ደቂቃ ሐምራዊ ሸሚዝ የለበሰ ከሲታ ልጅ ዘለለና በቂጡ ዘጭ አለ።

«ኩፌ» አሉ ኦቦ። ወደቀ ማለታቸው ነው።

ልጁ ተነሣ፣ ቀጠለ፣ አሁንም ኩፌ። ጨርሶ ሲወጣ አንድ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ፤ አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝ አጠገቡ ተቀምጦ ጉልበቱን ያዘው።

«አሁን ምን ይጠብቃል?» አሉ ኦቦ።

«ነጥቡን ነው፣ ኦቦ። ዳኞቹ ገምተው ይነግሩታል» አለ ባሌ።

«እዚያው ፊቱ ላይ?»

«ፊቱ ላይ። ሰው ሁሉ እያየ።»

የኦቦ እጅ ወደ ኮታቸው ኪስ ሄደ። ነጥቡ እስኪነበብ እዚያው ቆየ። ሲነበብ ዝቅተኛ ነበር፣ ሽማግሌው ልጁን አቀፈው። «ብቻውን አለመቀመጡ ደግ ነው» አሉና እሳቸውም አልተነሡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢያችን የሐምራዊው ደጋፊ ሆነ። ከየት አገር እንደሆነ እንኳ አናውቅም፣ ግን ማን ሊነካብን። ባጃጅ ነጂው ብቻ ነጩን ደግፎ ለሁለት ቀን ከባሌ ጋር ተኮራርፏል፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው።

ችግሩ ድጋፉ ድምፅ አልባ መሆን ነበረበት። ወታደሮቹ በበራችን ያልፋሉ፤ ሦስት አራት ሰው በአንድ ቤት ሲጮህ ምን ሊባል እንደሚችል ማንም ያውቀዋል። አንዴ ባሌ ራሱን ረስቶ «ይሄ ነው» ብሎ ሲጮህ የጎረቤቱ በር ሁሉ ተራ በተራ ሲዘጋ ሰማን። የኦቦ ባለቤት ከማድ ቤት ወጥተው አዩንና በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ ኦቦ አልተረጎሙልንም። ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ነጂው ደስታውን ትራሴን ነክሶ ነበር የሚገልጸው።

እሑድ ከሰዓት የመጨረሻው ውድድር ሆነ። ሐምራዊው ወጣ። አንድም ጊዜ አልወደቀም። ሲጨርስ ሕዝቡ ከላይ አበባና አሻንጉሊት ያወርድበት ጀመር።

«ለምን ይወረውሩበታል? ምን በደለ?» አሉ ኦቦ፣ ደንግጠው።

«መውደዳቸው ነው፣ ኦቦ። ጥሩ የሠራ ይወረወርለታል።»

ልጁ አንዷን አበባ አነሣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ሄዶ ከሽማግሌው ጋር ተቀመጠ። ኦቦም ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። ነጥቡ ተነበበ፤ ከነጩ በታች፣ ከብዙዎቹ በታች። ነጩን የሚደግፈው ባጃጅ ነጂ ሳይቀር «ይሄስ ግፍ ነው» አለ። ባሌ ዳኞቹን በማያውቁት ቋንቋ፣ በማይሰሙት ርቀት፣ በሹክሹክታ ሰደባቸው።

ኦቦ ግን አልተሳደቡም። «ይግባኝ የለውም?» ብለው ጠየቁ።

«የለውም» አለ ባሌ፣ የውድድሩን ሕግ ያረቀቀ መስሎ። «አንዴ ከተነበበ ተነበበ።»

ከምኑም አላውቅም። ግን ሁሉም ሰው አዋቂ በሆነበት ቤት ዝም ማለት ከበደኝ፣ በዚያ ላይ ኦቦ የሚያዩት ወደ እኔ ነበር። «እንዲያውም ቢከራከር ከሚቀጥለውም ውድድር ነው የሚያስወጡት» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው። አነጋገሬ ግን እንደ ደብዳቤ ንባቤ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ የተማረ ሰው አነጋገር።

«ኤዬ» አሉ፣ እሺ እንደማለት፣ እያሰቡም ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው በበራችን አለፉና ቆም አሉ። ውስጥ የእሑዱ ውድድር በድጋሚ እየታየ ነበር።

«እየሄድኩ ነው» አሉ።

«ይቅናዎት፣ ኦቦ» አሉ ሁለቱ ደጋፊዎች፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ እኔም ይቅናዎት አልኩና ማሻሸቴን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆሙ። አሁን ሳስበው ሰው እየጠበቁ ነበር። ከዚያ ብቻቸውን ወጡ።

እኩለ ቀን ላይ ተመለሱ። ደፍሮ የጠየቃቸው የለም። እሳቸው ግን ፊታቸው የተረጋጋ ነው። በቃ አልፈረሙም ብለን ለራሳችን ወሰንን፤ የፈረመ ሰው እንዲህ አይረጋጋም። ገባ ብዬ ወለል ላይ የተጣለችውን አበባዬን አምጥቼ እግራቸው ሥር ወረወርኩላቸው። ኦቦ አዩዋት፣ ጎንበስ ብለው አነሷት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ልክ እንደ ሐምራዊው እጅ ነሡ። አጨበጨብን። በዚያ ሳምንት ሳንፈራ ያጨበጨብነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ባለቤታቸው አላጨበጨቡም። የሚያዩት የኦቦን እጅ ነበር። እኔም አየሁ፤ የአበባዋን ግንድ የያዘው አውራ ጣታቸው በአሻራ ቀለም ሐምራዊ ሆኗል።

«ግምቱን አነበቡልኝ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነበር የሚሉኝ። «ዝቅ ያለ ነው። ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር። ያልሽው ትዝ አለኝ፣ የተከራከረውን ከሚቀጥለውም ያስወጡታል ያልሽው። ግቢው እንኳ ይትረፍልኝ ብዬ ጣቴን አኖርኩ።»

ባሌ ገብቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ባለቤታቸው ወደ ማድ ቤት ተመለሱ። እኔ እጄ ላይ የነበረውን የሳሙና አረፋ በቀሚሴ ስጠርግ ቆየሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በዚያው ቴሌቪዥን፣ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። «እናስብበት» ያሉት ጎረቤቶች ችካላቸውን ነቅለው ማገዶ አደረጉት፤ ዳግም የጠራቸው የለም። የኦቦ ማሳ ግን በፊርማ ያለቀ ጉዳይ ነው ተብሎ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጠረ። እስካሁን የተሠራበት ነገር የለም፣ አረም ነው የሚበቅልበት። ኢንተርኔት ሲመለስ ደግሞ ያን ደንብ ፈለግኩት። አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈለግኩ። የተከራከረ ተወዳዳሪ ከሚቀጥለው ውድድር ይባረራል የሚል የትም አላገኘሁም። ለኦቦ አልነገርኳቸውም። ቀላል ሰው ብሆን እነግራቸው ነበር፤ እኔ ግን የተማርኩ ነኝ።

አበባዬ እሳቸው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰክታለች። ከዚያ ቤት ከመልቀቃችን በፊት ልሰናበታቸው ስገባ ሳያት አዩኝና ሐምራዊውን አስታወሱ።

«ያ ልጅ እንዴት ሆነ? አሁንም ይወዳደራል?»

«ይወዳደራል፣ ኦቦ» አልኳቸው። ይሄንንም አላውቅም ነበር።

«አልተከራከረማ» አሉ፣ አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው እያሹ።