አጎቴ አስረው ያቆዩት ጆንያ

አጎቴ መዘዞ ላይ ገብስ ሲያመርቱ ዩሪያ ማዳበሪያውን በአንድ ቀን በትነው ጨርሰው አያውቁም። ግማሹን ጆንያ አስረው፣ ዝናቡ ጋብ እስኪል ጓዳ ያቆዩት ነበር። ክረምቱን ጠዋት ጠዋት ከማሳው አፈር ዘግነው ይጨምቃሉ። በጣቶቻቸው መሀል ውሃ ከወረደ፣ «ተወው ልጄ፤ መሬት በጠገበ ቀን ገብስ አይበላም። ውሃው ማዳበሪያውን ከሥሩ በታች ይዞት ይሄዳል» ይሉኛል።

በሐምሌ መጨረሻ ቀበርናቸው። በሳምንቱ ጎረቤቶች የሟች ማሳ አረም እንዳይውጠው ብለው በደቦ መጡ። አርመው ሲጨርሱ ያን ጆንያ ከጓዳ አወጡ።

«ጀምረው የተዉትን እንጨርስላቸው» አለኝ አንደኛው፣ ዶፉ ጀርባውን እየደበደበው።

ለቅሶ የደረሰህን ሰው እጅ እንዴት ትይዛለህ? እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በተኑት።

አሁን መስከረም ነው። ገብሱ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። ከማሳው ግርጌ ያለው የቦይ ሣር ግን እንዲህ ለምልሞ አይቼው አላውቅም። አላፊ አግዳሚው «ገብሱም አዘነላቸው» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል።

ምን ያዝናል፣ ተርቦ ነው እንጂ። ያን ቀን ሰዎቹ ጆንያውን ሲፈቱ፣ እኔ ከኋላቸው ጎንበስ ብዬ አፈሩን ጨምቄው ነበር። ውሃው በጣቶቼ መሀል ወርዷል።