የጋሽ አምኃ እግር

ጋሽ አምኃ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነበር የሚነዳው። «ፍሬን በጫማ አይሰማም» ይል ነበር። ድሮ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ በስደት ካርቱም ገብቶ፣ ባሕሪ በሚባለው የከተማዋ ክፍል፣ እኔ የቤት ሠራተኛ የሆንኩላቸው ሰይድ ሳሊህ ዘንድ ሾፌር ሆነ። ስልሳ ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። የመኖሪያ ወረቀቱ በሳቸው ስም ስለተያዘ፣ ከዚያ ሥራ ከወጣ ወረቀትም የለውም።

በ2004 ለውሃ ቧንቧ የተቆፈረው የበራችን መንገድ ገና ሳይደለደል፣ መኪናዋ አልቆም ብላ ጌታው ለመንገደኛ ውሃ መጠጫ ያስቀመጧቸውን ሁለት የሸክላ ጋኖች ሰበረች።

«ፍሬኑ እግሬን እየደበደበ መለሰው» አለ ጋሽ አምኃ።

ሰይድ ሳሊህ ሳቁ። «ያ አምኃ፣ የሚንቀጠቀጠው ፈራሚሉ አይደለም፤ እግርህ ነው!»

በማግስቱ በአባይ ዳር አስፋልት አብረውት ሄዱ። ፍሬኑ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ፊት ሻይ ሲያቀብሉት እጃቸውን ሆን ብለው እያንቀጠቀጡ ጭኑ ላይ ያፈሱበት ነበር።

«ኮረኮንች መንገድ ላይ ላሳይዎት» ብሎ ለመናቸው።

«ቅዳሜ፣ ኢንሻላህ። ካላየሁ ኻላስ፣ አበቃ፤ ቁልፌን ታስቀምጣለህ።»

ዓርብ ጠዋት እመቤቲቱ ለዘመዳቸው ዱቄት እንድናደርስ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ላኩን። የዚያ ሰፈር መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ጋሽ አምኃ ባዶ ሜዳ ላይ አቆመና «ሉጥፊያ፣ መሪው ጋ ተቀመጪ» አለኝ።

«ወይ ጉድ! እኔ መኪና ልንዳ?»

«ማርሽ አትፈልግም፣ ራሷ ትሄዳለች። አንቺ ፍሬኑን ብቻ እርገጪ። እግርሽ ይንቀጠቀጣል?»

«አይንቀጠቀጥም።»

«እንግዲያው ምስክሬ ነሽ።»

እየነጠረች በዝግታ ስትሄድ ረገጥኩት። በጫማዬ ሥር ትርርር አለ፤ የሚፈጭ ወፍጮ የረገጥኩ መሰለኝ። መኪናዋም ቶሎ አልቆመችም። ጋሽ አምኃ አንድ ፊውዝ ነቀለ፣ ቢጫ መብራት በራ። ደግሜ ስረግጥ ፍሬኑ ዝም አለ፣ መኪናዋም ቀጥ አለች።

«አየሽ? ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ ነው የተሳሳተው። መንገዱ ሲያናውጠው ጎማው የቆመ ይመስለውና ፍሬኑን ይለቅበታል።»

ፊውዙን መልሶ ጎማዎቹን በየተራ በክሪክ አነሳ። ከፊት ግራው ጎማ ጀርባ፣ የጎማውን ዙር የምትቆጥር አውራ ጣት የምታህል ዕቃ አለች። ብሎኗ ላልቶ ትነቃነቃለች፤ ማግኔት ስለሆነች የብረት ብናኝ ጢም አብቅላለች። በጋዝ በራሰ ጨርቅ ሊጠርጋት ሲል እጁን ያዝኩት።

«ተዋት እንጂ ጋሼ! ነገ እንዲህ እንዳለች ይዩዋት።»

«ከሰዓት የልጅ ልጆቻቸውን ኦምዱርማን አደርሳለሁ። በዚህ ፍሬን ሕፃን ጭኜ ድልድይ ልሻገር? አንቺ አለሽልኝ አይደል?»

«አለሁ» አልኩት። ብሎኗን አጠበቃት።

ቅዳሜ ሰይድ ሳሊህ ከጋሽ አምኃ ጋር እዚያው ኮረኮንች ድረስ ሄደው ተመለሱ። እኔ ሻይ በትሪ ይዤ ግቢ ቆሜያለሁ።

«ወላሂ፣ ምን የመሰለ ፈራሚል!» አሉ።

«ትናንት ስለሠራሁት ነው።»

«በምን?»

«በጨርቅና በአሥር ቁጥር ቁልፍ።»

ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። «ማን አየህ?»

«ሉጥፊያ። ሳይሠራ በፊት በገዛ እግሯ ረግጣዋለች።»

ሳቃቸው ቆመ። «ሠራተኛዬን መሪ ላይ አስቀመጥካት? እውነት ነው አንቺ?»

የኔም ወረቀት በሳቸው ስም ነበር። ትሪው ላይ ቀይ አበባ ተስሏል፣ አንዱ ቅጠሉ ተልጧል። እሱን እያየሁ «ላ ያ ሰይዲ፣ እኔ መኪና የት አውቄ?» አልኩ።

«ሰማህ?» አሉት። «ውሸታምም ነህ ለካ!»

ጋሽ አምኃ አንዴ አየኝ። ቁልፉን በያዝኩት ትሪ ላይ ከብርጭቆዎቹ መሀል አኖረ። ጫማውን ከመኪናው አውጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ክሩን አስሮ ወጣ።

አዲሱ ሾፌር ያችኑ መኪና ሁለት ዓመት ያለ ችግር ነዳ። ሰይድ ሳሊህ እንግዳ በመጣ ቁጥር «መኪናዋ ያችው ናት፤ እግሩ ነበር» ይላሉ። እኔ ሻይ እቀዳለሁ።

ጋሽ አምኃን አንድ ጊዜ ባሕሪ ጋራዦቹ ጋ፣ ፀሐይ ላይ ቁጢጥ ብሎ የሰው መኪና ዕቃ በናፍጣ ሲያጥብ አየሁት። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ ላልፍ ስል ጠራኝ።

«ሉጥፊያ፣ እግርሽ ይንቀጠቀጣል?»

«አይንቀጠቀጥም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ናፍጣው አጎነበሰ።